አይጥ የበላው የዕድር ድንኳን

አራት ዓመት ሙሉ ግራ እጅጌ ሰፍቻለሁ። ቀኝ እጅጌ የምትሰፋው ልጅ ከእኔ ሦስት መኪና አለፍ ብላ ነበር የምትቀመጠው፤ የሁለታችን እጅጌዎች የት ሄደው አንድ ሸሚዝ ላይ እንደሚገናኙ ግን አንድም ቀን አላየሁም። ቂሊንጦ ያለው ፋብሪካችን ለሠራተኛው እጅግ ስለሚያስብ፣ አንድ ሰው ሙሉ ሸሚዝ ሰፍቶ እንዳይጠግብ ብሎ ሥራውን እንዲህ በጣጥሶ አከፋፍሎን ነበር። ንጋት ላይ ሰርቪሱ አቃቂ በሰቃ መታጠፊያ ላይ ክላክስ ያደርጋል፤ ዓይኔን ሳልገልጥ እገባለሁ። ሲመሽ ዓይኔን ሳልገልጥ እወርዳለሁ። በመሃል ያለው ግራ እጅጌ ነው።

አንድ ቀን "ትዕዛዝ ቀንሷል፤ ለጊዜው ቤታችሁ ሆናችሁ ጠብቁ" ተባልን። ጓደኞቼ ተላቅሰው ተለያዩ። እኔ እናቴ ስትሞት የተወችልኝን የእግር ስፌት መኪና አቧራውን አራግፌ፣ ዘይት አጠጥቼ ቦርሳ መስፋት ጀመርኩ። ቦርሳ ግራም አለው፣ ቀኝም አለው፣ አፍም አለው፣ ሁሉንም የምሰፋው እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ስጨርስ አልጋዬ ላይ አስቀምጬ ግማሽ ቀን አየሁት። ከዚያ በኋላ ወደ ግራ እጅጌ መመለስ ሲታሰበኝ ሌላ ቦርሳ እቆርጥ ጀመር።

ችሎታው ከየት መጣ ለሚሉኝ መልሴ ዝግጁ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ለአሻንጉሊቴ አረንጓዴ ቀሚስ ሰፍቼላታለሁ። ጨርቁን ከየት እንዳገኘሁት አላስታውስም። ከመድረቁ የተነሳ አሻንጉሊቷን አውጥተው ቢያስቀምጡት ቀሚሱ ብቻውን ይቆም ነበር። ይህን ለሰው ሳወራ "የመጀመሪያ ዲዛይኔ" እላለሁ። ሰው መኩራት ሲፈልግ ማስረጃ አያጣም።

ቦሌ ቡቲክ ያላት አንዲት ሴትዮ ዘንድ ሦስት ቦርሳ ይዤ ሄድኩ። ስፌቱን በጥፍሯ ጎተት ጎተት አድርጋ ፈተሸችና "እጅሽ ንጹህ ነው" አለችኝ። ከዚያ ጨርቁን አየች፤ አፍንጫዋ ላይ አንድ ነገር ሆነ።

"ጨርቁ ግን... እንዴት ልበልሽ፣ ናቹራል ነገር እፈልጋለሁ። ስቶሪ ያለው። አበባ አይሁን። የሚያብረቀርቅ አይሁን። አዲስ መምሰል የለበትም፤ አሮጌም እንዳይመስል። ወፍራም፣ ግን ቀለል ያለ።"

"ዋጋውስ?"

"ርካሽ ጨርቅ ፈልጊ። ደንበኛዬ ግን ርካሽ መሆኑን እንዳታውቅ።"

አሥራ ሁለት ቦርሳ በስድስት ሳምንት አዘዘችኝ። ከወደደችው በየወሩ አሥራ ሁለት። በዚያው ሳምንት ከፋብሪካው ተደወለልኝ፤ ትዕዛዝ ተመልሷል፣ ቦርሳውን ከማስረክብበት ቅዳሜ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ሥራ ያልገባ በቦታው ሌላ ሰው ይተካል። እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው። ወይ ሴትዮዋ የምትወደው ጨርቅ ይገኛል፣ ወይ እኔ እስከ ጡረታዬ ግራ እጅጌ እሰፋለሁ።

ፍለጋውን ከሳሪስ አቦ ገበያ ጀመርኩ። የጨርቅ ነጋዴው ሁሉ ስብሰባ ተቀምጦ የወሰነ ይመስል የሰቀለው ወይ አበባ ነው ወይ ነብር። ነብሩን ተውኩት፤ እንኳን ቦሌ እኛም ሰፈር አያስገባም። ቃሊቲ አንድ ሶፋ ቤት ቁርጥራጭ በርካሽ ሰጡኝ፤ ወይን ጠጅ መልክ፣ ወርቃማ ዘንግ ዘንግ ያለበት። አንድ ቦርሳ ሰፍቼ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው የሚቀመጥበት ሰው የሚጠብቅ ይመስል ነበር። የመጋረጃ ጨርቅ ሞከርኩ፤ ጎረቤቴ ገና ስታየኝ "ውይ፣ መጋረጃሽን ምን ነካብሽ?" አለችኝ። ከሳልቫጅ ጂንስ ሰፍቼ ፎቶውን ለሴትዮዋ ላክሁላት፤ "ኦልሬዲ!" ብቻ ብላ መለሰችልኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ለመረዳት አንድ ቀን ፈጀብኝ። ለካ ጂንስ አልፎበታል። ለእኔ ሳይደርሰኝ አለፈበት።

በሰቃ ገበያ ውስጥ ዚፕና ገበር የምገዛው ከአንድ የስልጤ ልጅ ነው። ያን ሁሉ ጥቅል አውርዶ መልሶ ሲሰቅል ደከመውና ባንኮኒው ላይ ተደግፎ አየኝ።

"እህቴ፣ ወላሂ የምትፈልጊውን ጨርቅ አውቄዋለሁ። አዲስ ያልሆነ፣ ያላረጀ፣ ወፍራም፣ ቀላል፣ ርካሽ፣ ውድ የሚመስል። እንዲህ ያለ ጨርቅ ቢኖረኝ ሱቄን ዘግቼ እራሴ ነበር የምለብሰው።"

"የለም ማለት ነው?"

"ድሮ ሸራ የሚባል ነገር ነበር። የጥጥ ሸራ። አሁን የሚገባው ሁሉ ላስቲክ ነው። ድሮ የገዛ ሰው ካገኘሽ ሂጂና እግሩ ላይ ውደቂ።"

አመስግኜው በባዶ እጄ ወጣሁ። ሁለት ሳምንት አልቋል።

በማግስቱ ማለዳ የዕድራችን ጥሩንባ ተነፋ። የሞቱት የዕድሩ ድንኳን ኃላፊ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ድንኳን የተከሉ፣ የነቀሉ፣ የተቀደደውን በወፍራም ክር በእጃቸው የጣፉ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሌላው ሲያለቅስ እሳቸው ገመድ ይወጥሩ ነበር። ለእሳቸው ጊዜ ማን እንደሚተክል ግን ዕድሩ አላሰበበትም። ዕድሩ በቅርቡ መስኮት ያለው ነጭ የላስቲክ ድንኳን ገዝቷል፤ ነገር ግን "በገዛ እጃቸው ባቆሙት ይሸኙ" ተባለና አሮጌው ወጣ። አራት ጎልማሶች እርስ በርስ እየተነጫነጩ ግማሽ ቀን ታግለው አንድ ወገኑ የዘመመ ነገር ተከሉላቸው። ሟች ቢያዩት ኖሮ ተነሥተው ያስተካክሉት ነበር።

እኔ የተቀመጥኩት በዘመመው ወገን ነው። ግድግዳው ፊቴ ላይ ሊተኛ ምንም አልቀረው። ሳልፈልግ አየሁት። ድሮ የወታደር አረንጓዴ የነበረ፣ ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቀውበት የደረቀ የወይራ ቅጠል የመሰለ ቀለም። ወፍራም፣ ግን እጅ ላይ የሚተኛ። አዲስ ያልሆነ፣ ያላረጀ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሰው እየተለቀሰለት እኔ ጨርቅ እዳስሳለሁ። ጠርዙን በሁለት ጣቴ አሸሁት፤ ክሩን በጥፍሬ ፈተሽኩት፤ ጥጥ መሆኑን ለማረጋገጥም አሸተትኩት።

አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ሸራውን አፍንጫዬ ላይ ይዤ ሲያዩኝ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። "አይዞሽ ልጄ፣ የአባትሽ ለቅሶ ትዝ ብሎሽ ነው" አሉኝ። እንደዚያ ነው በሚል አንገቴን ደፋሁ። አባቴ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ሲሞት ለቅሶው የተደረገው በዚሁ ድንኳን ውስጥ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ የማስታውሰው ግን ብዙ የሰው እግር ብቻ ነው። ያን ቀን እንባ አልወጣኝም። ቦርሳ ስንት እንደሚወጣው ግን በልቤ ለክቼ ጨርሼ ነበር።

የዕድሩ ወርኃዊ ጉባኤ እሑድ ዋለ። እጄን አውጥቼ አሮጌው ድንኳን ለሥራዬ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁ። ጥያቄው ቀላል መስሎኝ ነበር። አንዱ "ሲሚንቶ መሸፈኛ ይሁን" አለ። ሌላው "ምናልባት አዲሱ ቢቃጠል" ብሎ ይቀመጥ አለ፤ አዲሱ ገና አንድ ወሩ ነው። አንድ ጡረተኛ ተነሥተው ድንኳኑ ታሪክ ስለሆነ ሙዚየም ሊገባ እንደሚገባው ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ፤ የትኛው ሙዚየም እንደሆነ ግን ለሚቀጥለው ጉባኤ አቆዩት። ለቅሶ ላይ ያጽናኑኝ አሮጊት ደግሞ ከተቀመጡበት ጮኹ።

"ሐዘን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ የሚዞር ምን ዓይነት ሰው ነው?"

"የቦሌ ሰው" አልኩ።

ዳኛው በእርሳስ ጠረጴዛውን መቱ። ዳኛው ከእኔ መወለድ በፊት የተመረጡ፣ ከዚያ ወዲህ ማንም "ይበቃዎታል" ለማለት ያልደፈረ ሽማግሌ ናቸው። የሚወገድ ንብረት ከመወገዱ በፊት መዝገቡ መነበብ አለበት አሉ። ደንብ ነው። ጸሐፊው ትልቁን መዝገብ ከፍቶ የድንኳኑን ቁስል ሁሉ ከነምክንያቱ ያነብ ጀመር። ነፋስ የቀደደው። ፍም የበሳው። ሠርግ ላይ ሰክሮ የወደቀ ሰው የተረተረው። ከዚያ፦

"በግራ ግድግዳ፣ ታችኛው ጠርዝ፣ አንድ ስንዝር በአንድ ስንዝር፣ አራት ማዕዘን። ምክንያት፣ አይጥ የበላው።"

እኔ አፌ አያርፍም። "አራት ማዕዘን? የተማረች አይጥ ነች! ማስመሪያ ይዛ ነው የበላችው?"

ወጣቶቹ ፈገግ አሉ። አዛውንቶቹ ግን ሳቁ። ሳቃቸው ከቀልዴ በላይ ነበር። ሲሚንቶ ያሉት ሳቁ፤ ሙዚየም ያሉት ሳቁ፤ የጮኹት አሮጊት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉትና በላዩ አሻግረው አዩኝ።

"የተማረችስ የተማረች ናት" አሉ። "ሸራው ለልጅቷ ይሰጣት። በለውጡ ለመዝገባችን መያዣ ቦርሳ ትስፋልን። የሚቃወም አለ?"

የሚቃወም ጠፋ። ምላሴ አስፈረደልኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ሸራውን አንድ ሳምንት አጠብኩት። መጀመሪያ የወጣው ውኃ የሠላሳ ዓመት ወጥና አቧራ ነበር፤ ሁለተኛው ያው ነው፤ አምስተኛው ላይ ጨርቅ ታየኝ። ግቢዬ ውስጥ ሲሰጣ የሰፈሩ ሴቶች "እንዴት ዋልሽ" በሚል ሰበብ ይገቡና አንድ ቦታ ላይ እጃቸውን ያሳርፋሉ። "እዚህ ጋ ተደግፌ ነው ያለቀስኩት" ትላለች አንዷ። ሌላዋ የልጇ ሠርግ ላይ የተረጨ የጠጅ እድፍ ፈልጋ አጥታ "አለቀለቅሽው" ብላ ተቀየመችኝ። የቡቲኳ ሴትዮ ስቶሪ ያለው ጨርቅ ነበር የፈለገችው። ስቶሪውስ ተርፎ ነበር፤ እኔ በዱቄት ሳሙና አጥቤ ደፋሁት።

ቦርሳዎቹ ግን አማሩ። እውነቴን ነው፣ አማሩ። አሥራ አንዱን ከደህናው ሸራ ቆረጥኩ። አሥራ ሁለተኛውን ያችን አይጥ የበላችውን ቦታ መሃል ላይ አድርጌ ሰፋሁት፤ ቀዳዳው ላይ የተጣፈው የነተበ ካኪ ጨርቅ ከአረንጓዴው ጋር የተመካከረ ነበር የሚመስለው። ዙሪያውን የሄደው የእጅ ስፌት ጥቅጥቅ ያለ፣ አንዱ ከአንዱ የማይበልጥ ነው። የእኔ መኪና እንኳን እንደዚያ አይሰፋም። የሁሉንም ፎቶ በቴሌግራም ላክሁ። ሴትዮዋ በድምፅ መለሰችልኝ።

"ያቺ ካሬዋ! ያቺ መጣፊያ ያላት! በናትሽ፣ ቪትሪን ላይ የምሰቅላት እሷን ነው። ስሚ፣ እሷን ካላመጣሽ ሌሎቹንም ይዘሽ እንዳትደክሚ።"

ድምፁን አምስት ጊዜ ሰማሁት። ግራ እጅጌን በልቤ ተሰናበትኩት። ለፋብሪካው ምን ብዬ እንደምደውል ሁሉ ተለማምጄ ነበር፤ በጣም ትሑት ሆኜ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የድንኳን ኃላፊው ባለቤት መጡ። ጥቁር በጥቁር ለብሰዋል፤ ወንበር ስሰጣቸው ጫፉ ላይ ብቻ ተቀመጡ። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ምስማር ላይ ወደ ሰቀልኩት ቦርሳ ሄደ። ተነሥተው አወረዱትና መጣፊያውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ።

"ይቺን ታውቂያታለሽ?"

"እንዴት አላውቃት እትዬ፣ መዝገብ ላይ ሲነበብ ሰማሁ እኮ። አይጥ የበላችው ነው።"

"ሱሪው ናት" አሉኝ። "የካኪ ሱሪው የኋላ ኪስ። ለሥራ አንድ ሱሪ ነበረው፤ ኪሱን ተርትሮ እዚህ ጣፈው። ሁለት ዓመት ኪስ የሌለው ሱሪ ለብሶ ዋለ።"

"ለአይጥ ብለው ሱሪያቸውን?"

እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። አስተያየታቸው ደስ አላለኝም፤ አንድ ነገር ያጠፋሁ መሰለኝ።

"አይጥ አይደለችም የኔ ልጅ። የአባትሽ ለቅሶ ላይ ነው። ሠልስቱ ቀን። ሰው ሁሉ እናትሽን ይዟል፣ አንቺን ያየ የለም። የእናትሽን መቀስ ወስደሽ ድንኳኑ ጥግ ቁጭ ብለሽ ትቆርጫለሽ። እሱ ገመድ ሊያጠብቅ ሲዞር አገኘሽ። ምን እንዳልሽው ታውቂያለሽ?"

"ምን አልኳቸው?"

"'አሻንጉሊቴ የለቅሶ ልብስ የላትም' አልሽው።"

እሳቸው ተመልሰው ተቀምጠው ቦርሳውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀጠሉ።

"የዕድር ዕቃ ያበላሸ ይቀጣል። ልጅ ከሆነ እናቱ ትቀጣለች። እናትሽን በዚያ ሳምንት ምን ብሎ ያስቀጣት? 'አይጥ ነች' አለ፤ አለቀ። ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም። ለእኔም የነገረኝ ሱሪው ኪስ የት ሄደ ብዬ ስለጨቀጨቅኩት ነው።"

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላል ያገሬ ሰው። እዚህ የሆነው ተገላቢጦሹ ነው፤ እኔ በበላሁ አይጥ ተፈረደባት። "የመጀመሪያ ዲዛይኔ" እያልኩ ስንት ዓመት የተኩራራሁበት ቀሚስ የሐዘን ልብስ ነበር። ከአባቴ ለቅሶ ድንኳን ላይ የሰረቅሁት። አለቀስኩ። ስለ አባቴ ይሁን ስለ ሰውየው አላውቅም፤ የእሳቸው ለቅሶ ላይ ሸራ እየዳሰስኩ የዋልኩትን ሁሉ ጨምሬ አለቀስኩ። እትዬ ጀርባዬን መታ መታ አላደረጉም። ጠበቁኝ።

ስጨርስ "ሌላ የሚያውቅ አለ?" አልኳቸው።

"እሱ ለማንም አልተናገረም" አሉና ቦርሳውን መልሰው ምስማሩ ላይ ሊሰቅሉ ተነሡ። አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ኖሮ ስለ ሴትዮዋ፣ ስለ ሰኞው፣ ስለ እጅጌው ነግሬያቸው እከራከር ይሆናል። ማንገቻውን ምስማሩ ላይ ካደረጉ በኋላ ግን እጃቸው መጣፊያው ላይ ቀረ።

"ይውሰዱት" አልኩ።

"የሥራሽ አይደለም እንዴ?"

"ትርፍ ነው እትዬ። አሥራ አንድ ነው የታዘዝኩት።"

ቀና ብለው ሳያዩኝ ያዙት። ውሸት መሆኑን ያወቁ ይመስለኛል። በዚህ ድንኳን ጉዳይ የመጀመሪያዋ ዋሾ አይደለሁም።

ቅዳሜ አሥራ አንድ ቦርሳ ተሸክሜ በሁለት ታክሲ ቦሌ ገባሁ። ሴትዮዋ አንድ በአንድ አውጥታ ቆጠረች፤ ደገመች፤ ከረጢቱን ገልብጣ አራገፈች።

"ካሬዋስ?"

"አይጥ በላቻት።"

ወደኋላ አፈገፈገችና ከረጢቱን በእግሯ ገፋ አደረገችው። አይጧ አብራ እንዳልመጣች ካረጋገጠች በኋላ ተቆጣች። ነግሬሽ አልነበረም ወይ፣ ቪትሪኑን ለእሷ ብዬ ባዶ አድርጌ፣ ሰው ቃል አለው አለች። ሁሉም እውነት ነው። ሌላ መጣፊያ እንዳለ ጠየቀችኝ፤ የለም አልኳት። ቦርሳዎቹን መልሼ ከረጢቱ ውስጥ መክተት ጀመርኩ። ጆሮዬ ላይ የሰርቪሱ ክላክስ ይጮኻል። ስድስት ሳምንት፣ አንድ ለቅሶና አንድ ጉባኤ ያስከፈለኝን ጨርቅ ይዤ ወደ ግራ እጅጌ ልመለስ ነው። በሩን ስይዝ ጠራችኝ።

"ቆይ እስቲ። ሸራው ገና አለሽ?"

"ድንኳን ሙሉ።"

"በቃ ቁረጪዋ! ካሬ ቁረጪና ካኪ ጣፊበት። በእጅ ይሁን ስፌቱ።"

"ደህናውን ጨርቅ ልቅደደው?"

"ዲዛይን ነው እኮ!" አለችኝ፣ እንደ ልጅ ታዝንልኛለች። "እነዚህን አስቀምጪልኝ። ከሚቀጥለው ወር ግን አሥራ ሁለቱም ላይ ካሬዋን እፈልጋለሁ።"

እንግዲህ ይኸውላችሁ። በሰቃ ላይ እናት የሚያስቀጣ ጥፋት ቦሌ ሲደርስ ትዕዛዝ ሆነ።

ሰኞ ንጋት ላይ ሰርቪሱ መታጠፊያው ላይ ክላክስ አደረገ። ሾፌሩ ደግ ሰው ነው፤ ለእኔ ብሎ ሁለቴ ደገመልኝ። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ እስኪሄድ ጠበቅኩ። ግራ እጅጌውን የሚሰፋ እንደማይጠፋ ተስፋ አለኝ።

ረፋድ ላይ እትዬ መጡ። እሑድ ሄጄ ስለ ካሬዋ ትዕዛዝ ነግሬያቸው ነበር፤ የባላቸውን ስፌት ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም፤ ሠላሳ ዓመት በመርፌው ክር ያስገቡላቸው እሳቸው ናቸው። ትከሻቸው ላይ ቦርሳዬን አንግተዋል፤ ከውስጡ የቀሩትን ካኪ ሱሪዎች አወጡ። "ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ አይጥ ከሚበላው" አሉ፣ ሳይስቁ።

ሸራውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋን። እሳቸው ሁለቱን ጫፍ ወጥረው ያዙልኝ፤ እኔ በማስመሪያና በጠመኔ አንድ ስንዝር በአንድ ስንዝር አሰመርኩና መቀሱን አስገባሁ። አንዱን ጎን ቆርጬ ወደ ሁለተኛው ስዞር ሳቃቸው መጣ። ከለቅሶው ወዲህ ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

"ምነው እትዬ?"

"ያኔም እንዲሁ ቀጥ አርገሽ ነበር የቆረጥሽው። እሱ ጉባኤ መሃል ቆሞ 'አይጥ ነች' ሲል እኔ የምገባበት ጠፋኝ።"

"ግን አመኗቸው አይደል?"

"ማን ያምነዋል?" አሉ፣ ሸራውን ሳይለቁ። "አንቺ አሻንጉሊትሽን አረንጓዴ ቀሚስ አልብሰሽ እናትሽ እግር ሥር ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብለሻል። ሰዉ ሁሉ አየሽ። ዳኛው አሻንጉሊቷን አዩ፣ እናትሽን አዩ፣ ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞረው 'አይጥ ነው፤ ጻፍ' አሉት።"